የተመታ አያሽም

ጠፍሩን በጥርሴ ይዤ ጫፉን በቀዳዳው ውስጥ ሳሾልክ፣ አለቃ ጋርላንድ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። የቤዝቦል ጓንቴ ጉልበቴ ላይ ነበር። ትናንት ማታ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል ያለው መረብ አንድ ጠፍሩ ተበጥሶ፣ ኳስ በያዝኩ ቁጥር እንደ ላላ በር ይንቀጠቀጥ ነበር። አዲሱን ጠፍር ለብ ባለ ውሃ አርሼ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ከታች ወደ ላይ እየሰፋሁት ነው። ዝምታ ለሚወድ ሰው ጥሩ ሥራ ነው። እጅ ከተያዘ ማንም ለምን ዝም አልክ ብሎ አይጠይቅም።

አለቃ ጋርላንድ ግን ሊጠይቀኝ አልመጣም። አሠልጣኛችን ነው፤ የሱፍ ፍሬ ያኝካል፣ ቅርፊቱንም በእጁ ወደያዘው የወረቀት ኩባያ ይተፋል።

"ዛሬ ማን እንደሚወረውር ታውቃለህ" አለኝ።

"ፕሩዊት።"

"ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

"እሺ አለ። ምን ይላል?" ቅርፊት ተፋ። "በየትኛው ዙር እንደሚሆን እናንተ ተነጋገሩ። ብቻ ነገሩ ዛሬውኑ ይዘጋ። ነገ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ፣ ተሸክመነው እንዳንከርም።"

የትኛው ነገር ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ትናንት ማታ የተጋጣሚያችን የፉርጎዎቹ ግራኝ መቺ፣ ዊልመር ባሳቤ፣ ከወርዋሪያችን ከመርል ሃስኪንስ ላይ ሆም ራን መታ፤ ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ ሰደዳት። መምታቱ ምንም አይደለም፤ የሚከፈለው ለዚህ ነው። ግን መትቶ አልሮጠም። ባለበት ቆሞ፣ ኳሷ ከአጥሩ በላይ፣ ከመኪና ማቆሚያው በላይ፣ ወደ ወንዙ አቅጣጫ እስክትጠፋ ድረስ አያት። ከዚያ ዱላውን ወደ ሰማይ ወረወረው። ዱላው በመብራቶቹ ውስጥ ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ፣ ተቀባይ ሆኜ ከመቺው ኋላ በተቀመጥኩበት፣ እግሬ ሥር ወደቀ። ከዚያም ሙሽራ እንደሚያጅብ ሚዜ እያዘገመ የሜዳውን ሦስት ማረፊያዎች ዞሮ ወደ ተነሳበት ተመለሰ።

መርል የቡድናችን ሽማግሌ ነው፤ አባባ እንለዋለን። ፀጉሩ ከቆቡ ሥር ሸብቷል። ከዚህ በጋ በኋላ የሚወረውር አይመስለንም፣ እሱም አይመስለውም። አምባዛዎቹ በሚባለው በዚህ ቡድን ውስጥ በአባባ ላይ እንዲህ ሲደረግ ዝም የሚል ሰው የለም።

ደንቡን ማንም አልጻፈውም። እኔንም ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ሰላምታ አሰጣጥ እንደሚለመድ ለመድኩት። እንዲህ ነው። በማግስቱ የተበደለው ቡድን ወርዋሪ የበደለውን መቺ በኳስ ይመታዋል። ከጎድን በታች፣ ከጉልበት በላይ፣ ሥጋ ያለበት ቦታ። ራስ በፍጹም አይነካም። የተመታው ሰው አያጉረመርምም፣ ወደ ወርዋሪው አያፈጥም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተመታበትን ቦታ አያሽም። ዱላውን አስቀምጦ ወደ አንደኛው ማረፊያ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ነገሩን የሚያነሳ የለም።

ችግሩ ደንቡ አልነበረም። ችግሩ ፕሩዊት ነበር።

ጠፍሩን ለጊዜው ቋጠርኩትና ጓንቴን ይዤ ልፈልገው ወጣሁ።

ፕሩዊት መለማመጃው መረብ አጠገብ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነበር። የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ጉልበቱ ላይ አለ፤ አልነካውም። ገና ልጅ ነው። እኔ ከያዝኩላቸው ወርዋሪዎች ሁሉ እንደሱ አፍጥኖ የሚወረውር የለም። ባለፈው ዓመት፣ ወደኛ ሳይመጣ፣ አንዲት ኳስ አምልጣው የአንድ መቺ ዓይን ሥር አረፈች። ሰውየው ተርፏል። ግን በዚያ ዓይኑ ኳስ በደንብ ማየት ስላልቻለ ጨዋታውን ትቶ አሁን ከአማቹ ጋር የቤት ክዳን ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ፕሩዊት ወደ መቺ ሰውነት የምትጠጋ ኳስ ወርውሮ አያውቅም። እኔ ጓንቴን ወደ መቺው ባስጠጋ ኳሷ ወደ ወዲያኛው ጎን ትሄዳለች። ሌሎቹ ምርጫው ይመስላቸዋል። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን ብዬ አስብ ነበር።

"ጭኑ ላይ ነው አይደል?" አለኝ ቀና ሳይል።

"ጭኑ ላይ። ወይ መቀመጫው ላይ።"

"እኔ ጭኑን ብዬ ስወረውር ጭኑ ጋ እንደምትሄድ ማን ነገረህ ቲለሪ?"

 አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"እምቢ ማለት ትችላለህ" አልኩት።

"እምቢ ብዬ ከማን ጋር ልቀመጥ? ዴከር ነው የሚያናግረኝ? አውቶቡስ ውስጥ ከማን ጎን ልተኛ?" ዳቦውን አንስቶ አየውና መልሶ አስቀመጠው። "ያኔ ሳላስበው ነው የመታሁት። ሳላስበው እንኳ እንዲያ ሆኗል። አሁን አስቤ ልምታ?"

"እኔ የምጠቁምህን ብቻ ወርውር" አልኩት። "ሌላውን ለኔ ተወው።"

ይህን ስል ምን እንደምጠቁመው አላውቅም ነበር። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። እንዲያ በማመኑ የባሰ ጨነቀኝ።

ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተመልሼ ስገባ አባባ መርል ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ፣ ትከሻው ላይ በረዶ አስሮ ጋዜጣ ያነባል።

"አባባ" አልኩት፣ "አንተ አንድ ቃል ብትል አለቃ ይሰማሃል።"

"ምን ልበል?"

"ምንም አልተሰማኝም በል።"

"ተሰማህ ወይ ብሎ ማን ጠየቀኝ?" ሳቀና ጋዜጣውን ገለጠ። "ደንቡ የኔ አይደለም፣ ቲለሪ። የኔ ቢሆንማ ትናንትናውኑ ይቅር እለው ነበር። አሁን ከዴከር፣ ከአለቃ፣ ከነዚህ ሁሉ እጅ ላይ ቂሙን እንዴት አድርጌ ልቀበላቸው?"

"ልጁ አይችልም።"

"አውቃለሁ" አለ አባባ።

የሚያውቀው ምን እንደሆነ ልጠይቀው ስል ወደ ሜዳ ውጡ ተባልን።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሙቀቱ ከሣሩ እየተነሳ ዓይን ያወዛውዛል። ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ፣ ጥሩ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተዋል። ትናንት ማታ የነበሩት ለምን እንደመጡ ያውቃሉ፤ ባሳቤ ከፉርጎዎቹ አግዳሚ ሲወጣ ጫጫታው ቀነሰ።

መጥቶ የመቺዎች ቦታ በሆነው፣ መሬት ላይ በተነጠፈው ነጭ ሰሌዳ አጠገብ ቆመ። እኔ ከኋላው ተቀምጫለሁ፣ ከኔ ኋላ ዳኛው ግሬዲ ጎንበስ ብሏል። ከሦስታችን አፍ የሚወጣውን ከሦስታችን በቀር ማንም አይሰማም። ባሳቤ በዱላው ጫፍ የእግሬን መከላከያ ነካ ነካ አደረገ፤ የሱ ሰላምታ ነው።

"እንዴት አደርክ፣ ተቀባይ?"

"ደህና።"

"እኔ አልተኛሁም። የት ነው የሚያስቀምጥልኝ?"

"ምኑን?"

"ተወኝ እንጂ። ከቬኔዙዌላ ትናንት የወረድኩ መሰለህ?" በጓንቱ ቀኝ ጭኑን መታ መታ አደረገ፤ ግራኝ መቺ ስለሆነ ለወርዋሪው የሚሰጠው ቀኝ ጎኑን ነው። "እዚህ ያድርገው። ክርኔን ብቻ አደራ፣ ክርኔ ታሟል። ሽማግሌያችሁ ቁርስ ላይ ወርዋሪያችሁ ጥሩ ልጅ ነው ብሎኛል።"

ማላገጡ መሰለኝ።

"ወሬው ካለቀ" አለ ግሬዲ ከኋላዬ፣ "ኳስ ብንጫወት ምን ይመስላችኋል?"

ጓንቴን ወደ ባሳቤ ጉልበት አስጠጋሁ። ፕሩዊት ወርዋሪ ከሚቆምበት ጉብታ ላይ ሆኖ አየኝ፣ ተነፈሰ፣ ወረወረ። ኳሷ ወደ ወዲያኛው ጎን ሄደች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋን ለመያዝ በግንባሬ ልደፋ ነበር። በአራተኛዋ ባሳቤ ዱላውን በቀስታ መሬት አስቀምጦ፣ አራት ጊዜ ስቶ የወረወረ ወርዋሪ መቺውን በነጻ ስለሚያሳልፍ፣ ወደ አንደኛው ማረፊያ ሄደ። እዚያ ደርሶ ወደኔ ዞረና ትከሻውን ሰበቀ። 

በሁለተኛው ተራው ፕሩዊት ሞከረ። የእውነት ሞከረ። ጓንቴን ጭኑ ትይዩ ይዤለት ነበር፤ ኳሷ ግን ከእጁ ስትወጣ ከፍ ብላ መሄዷን አየሁ። ከባሳቤ ጀርባ፣ በአንገቱ ከፍታ መጣች። ከዚህ የከፋ ቦታ የለም፤ የደነገጠ ሰው ወደ ኋላ ነው የሚሸሸው፣ ወደ ኋላ ከሸሸ ደግሞ ራሱን ለኳሷ ይሰጣታል። ባሳቤ ግን ወደ ፊት ተደፋ። የራስ ቁሩ ወልቆ ነጩ ሰሌዳ ላይ ተንከባለለ፣ ኳሷም አልፋ ከኋላችን ያለውን አጥር መታችው።

የፉርጎዎቹ ተጫዋቾች ከአግዳሚያቸው ተነስተው ደረጃው ላይ ወጡ። የኛም ተነሱ። ግሬዲ ጭንብሉን አውልቆ መሃል ገባና ሁለቱንም ወገን በጣቱ ጠቆመ። ከእንግዲህ ሰው ላይ የወረወረ ወርዋሪ ይባረራል፣ አሠልጣኙም አብሮት ይባረራል ማለቱ ነው።

ባሳቤ በጉልበቱ ተነሳ። አቧራውን አራገፈና ወደ ፕሩዊት አየ። እኔም አየሁ። ፕሩዊት እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ፊቱ ወረቀት መስሏል። ባሳቤ መዳፉን ወደ ራሱ ጓደኞች ዘረጋ፤ ተቀመጡ አላቸው። የራስ ቁሩን አንስቼ ሰጠሁት።

"ይኼ ልጅ ታሟል እንዴ?" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አልታመመም። ፈርቷል።"

"እኔን?"

"አንተን ባይሆን ይሻለው ነበር።"

የራስ ቁሩን አጠለቀ። "ሽማግሌው እውነቱን ነበር" አለ ለራሱ። ቀጣይዋን ኳስ መሬት ለመሬት መታትና ገና አንደኛው ማረፊያ ሳይደርስ ኳሷ ቀድማው ስለደረሰች ከተራው ወጣ።

ተራው የኛ ሆኖ ወደ አግዳሚያችን ስንመለስ ፕሩዊት ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ፎጣ ራሱ ላይ ጣለ። የሦስተኛው ማረፊያ ጠባቂያችን ዴከር ግን መታገስ አልቻለም።

"ማስጠንቀቂያ ስለተሰጠ በቃ ማለት ነው?" አለ ለሁሉም፣ ወደ አለቃ እያየ። "አባባን እንዲያ አድርጎ በሰላም አውቶቡሱ ላይ ይውጣ?"

አለቃ ጋርላንድ ሱፉን አኘከ። "አልተመታም" አለ። "ያልተመታ አልተዘጋም።"

"ይባረራላ" አልኩ እኔ።

"ይባረር። እኔም እባረራለሁ። ሻወሩ ሙቅ ውሃ አለው።"

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። አባባ መርል ከወዲያኛው ጫፍ ሆኖ ጫማውን ያያል። አጠገቡ ሄጄ ልቀመጥ ፈለግሁ፤ ይልቅ ፕሩዊት ጎን ተቀመጥኩ።

"ራሱን ልትመታው ነበር" አለ ከፎጣው ሥር።

"አልመታችውም።"

"ልትመታው ነበር ቲለሪ።"

ጓንቴን አገላብጬ አየሁት። በጥድፊያ የቋጠርኩት ጠፍር ከቋጠሮው ወጥቶ ወጥቶ በጥቂት ብቻ ቀርቷል። በጥርሴ ይዤ መልሼ ሳጠብቀው፣ ምንም የማይመስል ነገር ትዝ አለኝ። ፕሩዊት ሦስት ዓይነት ኳስ አለው። ሁለቱ ፈጣን ናቸው። ሦስተኛዋ ጥምዟ ናት፤ ዝግ ብላ መጥታ መጨረሻው ላይ ወደ ግራኝ መቺ እግር ታጥፋ የምትወርደዋ። ይቺን ኳስ ከሚያዝያ ጀምሮ ስይዛት ከወገብ በላይ ሆና የጨረሰችበት ቀን የለም። ሁልጊዜ ትወርዳለች።

ሰባተኛው ዙር ላይ እየመራን ነበር። ሁለት ሰው አስወጥተናል፣ ማረፊያዎቹ ባዶ ናቸው፣ ተራው የባሳቤ ነው። አንድ መቺ በነጻ ቢያልፍ ብዙም አይጎዳንምና፣ ለዚህ ነገር ከዚህ የተሻለ ሰዓት እንደሌለ ሜዳው ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል። ወደ ጉብታው ሄድኩና ጓንቴን አፌ ላይ አደረግሁ።

"ጥምዟን ወርውር" አልኩት።

"ጥምዟን? በጥምዝ ኳስ ሰው ይመታል እንዴ?" የሱም ጓንት አፉ ላይ ነው፤ ዓይኑ ብቻ ይታየኛል። "ይስቁብኛል።"

"ይሳቁ።"

"ዴከር ዕድሜ ልኩን ያወራዋል።"

"ያውራ። ከዚህ ከመሃል አስነሳትና ልቀቃት። ወዴት እንደምትሄድ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ያቺ ኳስ ወደ ሰው ራስ የሚወስደውን መንገድ አታውቀውም።"

 ፕሩዊት የጣቶቹን ላብ ሱሪው ላይ ጠረገ።

ስመለስ ባሳቤ ወደ ሰሌዳው ቀርቦ ቆሟል፤ በጣም ቀርቦ፣ የጫማው ጫፍ ነጩን መስመር ሊነካ።

"ዛሬ እዚህ ቅርብ መቆም አማረኝ" አለኝ።

"ቁም።"

የመጀመሪያዋ ጥምዝ ከፊቴ አፈሩ ላይ ነጥራ ደረቴን መታችኝ። ባሳቤ ኳሷን በዓይኑ ተከትሎ "እ" አለ ብቻ፤ የገባው መሰለኝ። ሁለተኛዋ ከፕሩዊት እጅ ከፍ ብላ ወጣች፣ ከጠረጴዛ ላይ እንደሚወድቅ ኩባያ ጊዜ ወሰደች፣ ታጠፈች፣ ወረደች። ባሳቤ አልተነቃነቀም። እንዲያውም፣ ከኔ በቀር ማንም ያየው አይመስለኝም፣ ጭኑን ትንሽ ወደ ፊት ሰጣት። ምንጣፍ በዘንግ ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ።

ዱላውን አስቀምጦ ወደ አንደኛው ማረፊያ መሮጥ ጀመረ።

"ወዴት ነው?" አለ ግሬዲ።

ባሳቤ ቆመ። "መታችኝ እኮ ዳኛ።"

"ቆመህ ጠበቅካት። አልሸሸህም። ተመለስ፣ ዱላህን አንሳ።"

"ጭኔ ላይ ነው ያረፈችው።"

"ለመሸሽ ያልሞከረ እንደተመታ አይቆጠርም። ይኼኛው ደንብ ደግሞ ተጽፏል።"

ባሳቤ ወደኔ አየ። ፕሩዊት ጉብታው ላይ እጆቹን አንጠልጥሎ ቆሟል። ሌላ ኳስ ወርውር ቢባል ምን እንደሚሆን ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። በኛ አግዳሚ በኩል አለቃ ጋርላንድ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጓል። በሕይወቴ ከዳኛ ጋር ተከራክሬ አላውቅም፤ ድምፄን ከፍ ማድረግ አልወድም።

"ዳኛ" አልኩ፣ "ሸሽቷል።"

ግሬዲ ጭንብሉን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። "ምን አልክ?"

"ሸሽቷል። አይቼዋለሁ። ትንሽ ነው የሸሸው።"

"ትንሽ።"

"በድንገት ነው የመጣችበት።"

"ጥምዝ ኳስ ናት። ደብዳቤ ጽፎ ለመላክ ጊዜ ነበረው።"

"ደንግጬ ነው ዳኛ" አለ ባሳቤ፣ ሰላምታ የሚሰጥ በሚመስል ረጋ ያለ ፊት። "በፍርሃት ደርቄ ቀረሁ።"

ግሬዲ ከኋላ ኪሱ ትንሿን ብሩሽ አወጣ። ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ንጹሑን ሰሌዳ በቀስታ መጥረግ ጀመረ። ዳኛ እንዲህ የሚያደርገው ለሰው ጊዜ ሲሰጥ ነው፤ ማንም ሊያቋርጠው አይችልም።

"ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ስሠራ" አለ ለሰሌዳው፣ "ተቀባይ ለባላጋራው ሲከራከር ሰምቼ አላውቅም።"

"እኔም ሰምቼ አላውቅም" አልኩ።

"ተመቷል ካልኩ፣ ወርዋሪው ሆን ብሎ እንደሆነ መጠየቅ አለብኝ።"

"በጥምዝ ኳስ?"

ብሩሹ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። "እሱስ እውነትህን ነው። በጥምዝ ኳስ ቂሙን የተወጣ አልገጠመኝም።" አንዱን ማዕዘን ጨርሶ ወደ ሌላው ሄደ። "ይኼ ነገር እዚህ አለቀ?"

"አለቀ" አልኩ።

"አንተስ?"

"አለቀ ዳኛ። ነገ አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ በዚህ ጭን ተቀምጬ።"

ግሬዲ ተነሳ። ብሩሹን ኪሱ ከተተ፣ ጭንብሉን አወረደ፣ ክንዱን ወደ አንደኛው ማረፊያ ዘረጋ።

ባሳቤ ሮጠ። ወደ ፕሩዊት አላፈጠጠም። እጁ አንዴ እንኳ ወደ ጭኑ አልሄደም፤ ያንን ለማድረግ ምን ያህል ጥርስ መንከስ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። አለቃ ጋርላንድ እግሩን ከደረጃው አወረደ፣ ወደ ኩባያው ተፋ፣ ተቀመጠ። ዴከር ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ሆኖ ጓንቱን ፊቱ ላይ አደረገ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ተናደደ ብዬ ነበር።

"በጥምዝ" አለ ጓንቱን ሲያነሳ፤ ዕንባው መጥቷል። "በጥምዝ ኳስ! አንተ ልጅ፣ በሚቀጥለው ትራስ ወርውርበት።"

አግዳሚው ሳቀ። የፉርጎዎቹ አግዳሚም ሳቀ። ባሳቤ አንደኛው ማረፊያ ላይ ቆሞ ጥርሱን ያሳያል። ፕሩዊት አንገቱ ድረስ ቀላ፤ ግን ፈገግ ብሎ ነበር፣ ካወቅሁት ወዲህ ሜዳ ላይ ፈገግ ሲል አይቼው አላውቅም። 

ተረኛው መቺ በቀኝ እጁ የሚመታ ግዙፍ ሰው ነበር። ፈጣኗን ጠየቅሁ። ጓንቴን ወዴት እንደማደርግ ትንሽ አሰብኩና ወደ ሰውየው ጎን አስጠጋሁት፤ ልማዴ ሆኖ እንጂ ትመጣለች ብዬ አልነበረም። መጣች። እንደ መስመር ቀጥ ብላ በሰውየው ቀበቶ ሥር አልፋ ጓንቴ ውስጥ ገባች። ቋጠሮው ተፈታ፣ መረቡ ተከፈተ፣ ኳሷ ግን በሁለት ጣቶቼ መካከል ተቀርቅራ ቀረች። ግሬዲ ቀኝ እጁን አነሳ፤ ትክክለኛ ኳስ ነበረች። ሰውየው ዱላውን አላንቀሳቀሰም። እዚያ ቦታ ላይ ከፕሩዊት ኳስ ማንም አልጠበቀም ነበር።

ጨዋታውን አሸነፍን።

በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። አንዱ ትራስ አምጥቶ ፕሩዊት ወንበር ላይ አስቀምጦለታል፤ እሱም ትራሱ ላይ ተቀምጦ የጠዋቱን የደረቀ ዳቦ በትልልቁ እየገመጠ ይበላል። አለቃ ጋርላንድ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፋበትና ሄደ።  ነገሩ ተዘግቷል።

ጓንቴን ይዤ አባባ መርል ጎን ተቀመጥኩና ጠፍሩን ከጀመርኩበት ፈታሁት።

"ቁርስ አብራችሁ በላችሁ" አልኩት።

"ከማን ጋር?"

"አባባ።"

ጋዜጣውን አጠፈ። "ፓንኬክ ቤቱ ሞልቶ ነበር። እሱ ብቻውን ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል። ምን ላድርግ፣ ቆሜ ልብላ?"

"ምን አልከው?"

"ኳሷን ቆመህ ማየትህ አልከፋኝም አልኩት። እኔም ዞሬ አይቻታለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ስወረውር እንደሷ ርቃ የሄደች የለችም።" አገጩን አከከ። "ዱላውን ግን ወደ ላይ ባትወረውረው ጥሩ ነበር፣ የሰው ራስ ላይ ይወድቃል አልኩት። እሺ አለ።"

"ስለ ፕሩዊትስ?"

"የሚወረውርብህ ልጅ ከአንተ ይልቅ ይፈራል፤ ከቻልክ አግዘው አልኩት። ሳቀብኝ። ተመቺ የሚመታውን ሲያግዝ የት ታይቷል አለኝ። ሽሮፑን አሳልፍልኝ አልኩት።"

"ለኛስ ለምን አልነገርከንም?"

"ብነግራችሁ አለቃ ለሌላ ሰው ያዝዘው ነበር። ልጁ ደግሞ እንዲሁ እንደፈራ ይቀር ነበር።" ወደ ፕሩዊት አየ፤ ፕሩዊት ከዴከር እጅ ውሃ ይቀበላል። አባባ ወደኔ ዘንበል አለ። "አሁን ወደ መኪናዬ ስሄድ ባሳቤን አየሁት። ከአውቶቡሱ ጀርባ፣ ማንም አያየኝም ብሎ፣ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ በሁለት እጁ ያሻል።"

"አንተ አየኸው?"

"እኔ ምንም አላየሁም" አለና ተነስቶ በረዶውን ሊደፋ ሄደ።

ጠፍሩ ደርቆ ስለነበር ጫፉን በምራቄ አረጠብኩት። በመጨረሻዎቹ ቀዳዳዎች አሳልፌ አጠበቅሁት፣ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት፣ የተረፈውን በመቀስ ቆረጥኩት። ጡጫዬን ጓንቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ መታሁ፤ መረቡ አልተንቀሳቀሰም። ቅርጹ እንዳይጠፋ ኳስ ከትቼበት፣ በገመድ ጠምጥሜ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።